ከኮሎምበስ ወደ ቤርሙዳ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት

ስለ ጉዞዬ የኮሎምበስ ሐበሻ በሚገበይበት ሞርስ ሮድ ላይ ሁለት ወሬ ይወራል። አንደኛው፣ ጀልባዬ ተገልብጣ ሻርክ ሊበላኝ ሲል አንድ ኩባዊ ዓሣ አጥማጅ አወጣኝ የሚል ነው። ይህን ወሬ ወድጄዋለሁ። ሰውዬው መልከ መልካም ነው አሉ፤ እኔ ግን አላገኘሁትም። ሁለተኛው ወሬ ጋሼ አበራ የተሳሳተ ሰዓት ነግረዋት ሊያስገድሏት ነበር የሚል ነው። በዚህ ምክንያት ጋሼ አበራ ወተት ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ ልጆቹ "አሥራ ሁለት ሰዓት መጡ!" ይሏቸዋል። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በሁለተኛው ወሬ የተነሳ ነው፤ ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከመነሻው መጀመር አለብኝ።

ስሜ ስንዱ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ፣ ስንዱ ማለት ሁሉን ያዘጋጀ፣ ምንም የማይጎድለው ማለት ስለሆነ ነው። ይህን አስታውሱልኝ። ሪከንባከር በሚባለው የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እነዳለሁ። የምኖረው ኮሎምበስ ዳር ባለችው ዋይትሆል ነው። ከተማችን ኮሎምበስ በመርከበኛ ስም ተሰይማ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኗ አላየችም፤ እኔም የመጣሁት ባሕር ከሌለው አገር ስለሆነ ተስማምተን እንኖር ነበር። ሰላማችንን ያደፈረሰው ዴል የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዴል ከከተማው በስተሰሜን ባለው የግድብ ሐይቅ ላይ በትንሽ ሸራ ጀልባ ይንሸራሸራል። አንድ እሑድ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ከሐይቁ አልጠፋሁም። ጉልበቱ ሲደክም ቨርጂኒያ ያቆማትን ትልቋን ጀልባውን ሰጠኝ። የጀልባዋ ስም "ሁለተኛ ሚስት" ነው። የጀልባ ስም መቀየር ክፉ ዕድል ያመጣል ስላለኝ እንዳለ ተውኩት፤ በሃምሳ ዓመቴ ሁለተኛ ሚስት ይዤ ባሕር ወጣሁ።

ብቻዬን ከቨርጂኒያ ወደ ቤርሙዳ ደሴት ልሄድ ነው ስል ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቁት ጋሼ አበራ ብቻ ናቸው። ጋሼ አበራ አገር ቤት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የአየር ጠባይ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሪከንባከር የአውሮፕላን ጭነት አወረዱ፤ ዓይናቸው ግን ከሰማይ ወርዶ አያውቅም። ዋይትሆል ውስጥ የልጅ ምርቃት ያለበት፣ መኪና ሊያጥብ ያሰበ፣ ውጭ ድንኳን የሚተክል ሁሉ አስቀድሞ እሳቸውን ይጠይቃል። "ጃኬት ያዙ" ካሉ ሐምሌም ቢሆን ይያዛል። ሌላ ሀብት የላቸውም፤ አበራ ተሳስቶ አያውቅም መባላቸው ነው ሀብታቸው።

"ብቻሽን ባሕር ላይ ትንበያ አታነቢም፤ ታስመልሻለሽ" አሉኝ። "እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ። አንቺ መሪሽን ያዢ።"

በሳተላይት አጭር መልእክት የሚያስተላልፍ፣ ከእጅ ስልክ የማይበልጥ ዕቃ ገዛሁ። ፊደላችንን አያውቅም፤ ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የምንጽፈው። ችግሩ ሰዓት ነበር። የኮሎምበስ ሰዓት አለ፣ የሐበሻ ሰዓት አለ፣ መርከበኞችና አብራሪዎች በዓለም ሁሉ የሚጠቀሙበት ዙሉ የሚሉት የጋራ ሰዓትም አለ። ትንበያው የሚወጣው በዙሉ ነው። የዙሉ አሥራ ሁለት፣ ኮሎምበስ ላይ ኤይት ኤኤም ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው።

"በሐበሻ እየመለስኩ ልጻፍልሽ" አሉ ጋሼ።

"የለም! አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምንጠቀመው። ዙሉ! አልቀበልም ሌላ!" አልኩ። ቀይ ማርከር አንስቼ በሰፊ ፕላስተር ላይ "ሰዓት ሁሉ ዙሉ ነው!!!" ብዬ ጽፌ ጀልባዋ ውስጥ ልለጥፈው ጠቅልዬ ያዝኩ። በሦስት ቃለ አጋኖ ነው የጻፍኩት። ስንዱ ነኛ!

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሜሮን እየነዳች ከዋይትሆል ወጣን። የዓመቱን እረፍቴን፣ ፒቲኦ የምንለውን፣ ጠራርጌ ወስጃለሁ፤ አሥራ ሰባት ቀን። አለቃዬ "ቤርሙዳ? ክሩዝ ነው?" አለኝ፤ የሽርሽር መርከብ መስሎት። "አዎ፣ እኔ ነኝ ካፒቴኑ" አልኩት፤ ሳቀ። መኪናው ውስጥ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና አንድ ትልቅ የበርበሬ ብልቃጥ አለ። የዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ስንደርስ ኦሃዮ ምን ያህል ጠፍጣፋ እንደሆነች ትዝ አለኝ፤ እኛ ጋ ከፍታ የሚባለው የሀይዌይ ድልድይ ነው። ሜሮን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የተናገረችው።

"ማም፣ ዚስ ኢዝ ኢንሴን።"

"ኢንሴን ምን ማለት ነው?" አልኳት፤ እብደት ማለት መሆኑን እያወቅኩ።

"ዩ ኖው ዋት ኢት ሚንስ።"

መንገድ ላይ አድረን እሑድ ጀልባ ማቆሚያው ጋ ደረስን። ሜሮን አቅፋኝ አለቀሰችና መኪናውን ይዛ ተመለሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤቱ በቁጥር የሚከፈት መሆኑን ሳውቅ ለቅሶዬን አቋረጥኩ። ቁጥሩን የሰጠችኝ የጎረቤት ጀልባ ባለቤት ዶና ናት። ዶና ባሏን ቀብራ ጀልባ ላይ የምትኖር፣ ድምፅዋ እንደ ከባድ መኪና ጥሩምባ የሚሰማ ሴት ናት። ማንነቴን ሳትጠይቅ አንድ ባልዲ የተቀቀለ ክራብ፣ ሸርጣን መሆኑ ነው፣ አመጣችልኝ። የሸረሪት ዘመድ እንዴት ይበላል ብዬ ለአንድ ደቂቃ አመነታሁ፤ ከዚያ አምስት በላሁ።

"አየሩን የሚያይልሽ ማን ነው? ባለሙያ ቀጥረሻል?" አለችኝ።

"ዋይትሆል፣ ኦሃዮ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው።"

ዶና ስድስተኛውን ክራብ አቀበለችኝ።

ሰኞ ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጣች፣ ነፋሱ ልስልስ ያለ ነው፤ ልነሳ ስል መልእክት መጣ፤ "አትነሺ"። ማክሰኞም ብራ ሆነ፤ "አትነሺ"። ረቡዕም። ነገሩ እንዲህ ነው። በቨርጂኒያና በቤርሙዳ መካከል ገልፍ ስትሪም የሚሉት ባሕር ውስጥ የሚፈስ ሙቅ ወንዝ አለ፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሮጣል። ነፋሱ ከደቡብ ከሆነ ወንዙና ነፋሱ አብረው ስለሚሄዱ በሰላም ይሻገሩታል። ከሰሜን ከነፈሰ ግን ፊት ለፊት ይላተማሉ፤ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የኔን የምታህል ጀልባ ይሰብራል። የአየር ጠባይ እቅድ የሚባለው ነገር በሙሉ ይህቺው ናት። የሰሜን ነፋስ የሚያመጣው የአየር ግንባር መቼ እንደሚደርስ አውቀሽ፣ ያን ጊዜ ጅረቱ ውስጥ አለመገኘት።

ይገባኛል፤ ግን መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢኤምቪ ወረፋ ላይ ሦስት ቀን መቀመጥ ነው። ሰው ፒቲኦው እየነደደ ሰማይ ሲስቅበት ምን ይላል? ረቡዕ ከሰዓት ለጋሼ "ቤርሙዳን በጡረታዬ አያታለሁ ማለት ነው?" ብዬ ጻፍኩ። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ብለው መለሱ።

ሐሙስ ንጋት ላይ "ተነሺ" መጣ። ዶና ገመዴን ፈትታልኝ በጥሩምባ ድምፅዋ "አትሙቺ!" ብላ ጮኸች፤ ምርቃት መሆኑ ነው። የሰሜኑ ነፋስ የሚመጣው ቅዳሜ ወይም እሑድ ስለሆነ፣ ጅረቱ አፍ ላይ ስደርስ ትክክለኛውን ሰዓት ጋሼ ይነግሩኛል፤ ወይ ቀድሜ እሻገራለሁ፣ ወይ ዳር ላይ ቆሜ አሳልፈዋለሁ ተባብለናል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት ንግሥት ነበርኩ። መሬት ከዓይኔ ሲጠፋ ዘፈንኩም። ከዚያ ሆዴ ዘፈኑን ተቀበለ።

ዓርብ የሚባል ቀን አላስታውስም ብል ይቀለኛል። ባልዲና እኔ ብቻ ነበርን። በሶ ገባ፣ በሶ ወጣ። በየሃያ ደቂቃው የሚጮህ የኩሽና ሰዓት አንገቴ ላይ አስሬ፣ ትንሽ ሸለብ፣ ተነስቶ ዙሪያውን ማየት፣ ደግሞ ሸለብ። መጋዘን ውስጥ ድርብ ፈረቃ የሠራ ሰው ድካም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ያኛው መሬቱ አይነቃነቅም። የረጠበውን የዝናብ ካፖርቴን አውልቄ ጓዳዋ ውስጥ ካገኘሁት ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ከሰዓት በኋላ መልእክቱ መጣ።

"ግንባር ቅዳሜ 12። ጅረቱ ውስጥ እንዳያገኝሽ።"

አነበብኩት። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት። ፀሐይ ስትጠልቅ። ጅረቱን ለማቋረጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከገባሁ ከመምሸቱ በፊት እወጣለሁ። ልክክ አለልኝ። እንዲህ ልክክ ሲል መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ግን ዳር ላይ ቆሞ አንድ ቀን ሙሉ ከባልዲ ጋር መፋጠጥ ሞት መሰለኝ። ሰው የተጻፈውን ሳይሆን የሚፈልገውን ያነባል።

ቅዳሜ ንጋት ጅረቱ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ሰማያዊ ብቻ ሳይሆን ሙቅ ነው፤ እጄን ስነክረው የቤቴ ቧንቧ መሰለኝ፤ እንዲያውም ከአፓርታማዬ ቧንቧ ይሻላል። ሆዴም ታረቀኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድርቆሽ ልሠራ ተነሳሁ፤ በርበሬውን ከፍቼ አስቀመጥኩ። የደቡቡ ነፋስ ቀጥ አለ። ሸራው ተንጠለጠለ። ከዚያ ከኋላዬ ቅዝቃዜ መጣ፤ መጋዘን ውስጥ የማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ሲከፈት ማጅራት ላይ የሚያርፈው ዓይነት። ዘወር ስል ሰሜኑ ጠቁሯል።

ምን እንደሆነ ገባኝ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልገባኝም። ገና ሁለት ሰዓት ነው እኮ! የመጀመሪያው ነፋስ ጀልባዋን በጎኗ ጣላት። የፊቱ ሸራ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። እኔ ከደረጃው ጋር ተላተምኩ፤ ግንባሩ ግንባሬን ፈነከተው ብዬ አሁን እቀልዳለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ደም ነበር። በርበሬው ጓዳውን ሞላው። ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ቁስሌ ውስጥ ገባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ የምለቅምበት ዓይን አልነበረኝም። እያነጠስኩ፣ እያነባሁ፣ እመቤቴን እየጠራሁ፣ ዴልን እየተሳደብኩ፣ በገመድ ታስሬ በእንብርክኬ ወደ ፊት ሄድኩና የተቀደደውን ሸራ አወረድኩ። ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና ከላይ ይናዳል፤ በመጥፎ የተደረደረ ዕቃ ከመደርደሪያ ሲወርድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ፈራሁ። ሜሮንን አሰብኩ። መሞቴ አይደለም የቆጨኝ፤ "ዚስ ኢዝ ኢንሴን" ማለቷ ልክ መሆኑ ነው።

መሪው ላይ ተመልሼ አንድ እጄን ሳስለቅቅ ለጋሼ ጻፍኩ፤ "12 ሰዓት አላሉኝም? አሁን 2 ሰዓት ነው! ጅረቱ መሃል ነኝ! ገደሉኝ!"

መልሱ ለመድረስ ሰባት ደቂቃ ፈጀ።

"ይቅርታ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ በደንብ እየሠራሽ ነው። ሸራ አሳንሺ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሽሺ፣ ማዕበሉን በጀርባሽ ያዢ። ማታ 12 ሰዓት ትወጫለሽ።"

ተናደድኩ። ንዴት ጥሩ ነገር ነው፤ ያሞቃል። ቀኑን ሙሉ እጄ መሪው ላይ፣ አፌ ጋሼ አበራ ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ምን ሲመዘግቡ ኖሩ እያልኩ፣ እሳቸው ያሉትን አንድ በአንድ እያደረግኩ ዋልኩ። በየሰዓቱ መልእክት ይመጣል፤ "ጠዋት 4 ሰዓት፦ በርቺ"፣ "ቀን 7 ሰዓት፦ ግማሹ አለቀ"፣ "ከሰዓት 10፦ ውሃ ጠጪ"። ልክ በጠዋትና በማታ እየለዩ። አሁን ነው ሰዓት መጻፍ የተማሩት አልኩ በሆዴ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውሃው ቀለሙን ለወጠ፣ ማዕበሉ ተኛ። ወጣሁ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር።

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ የሚወራ ነገር የላቸውም፤ ደስ የሚለውም ለዚህ ነው። በትልቁ ሸራ ብቻ አዘገምኩ። በራሪ ዓሣ እየዘለለ ይገባል። በርበሬው ውስጥ ወድቆ አንዱ ራሱን አጣፍጦ አገኘሁት፤ ጠብሼ በላሁት።

ሐሙስ ጠዋት ቤርሙዳ ታየች። የወደቡ ሬዲዮ ጠራኝ።

"የጀልባዋ ስም?"

"ሁለተኛ ሚስት።"

"ስንት ሰው አለ?"

"እኔ ብቻ።"

"ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ።"

"እመቤቴ፣ እዚያ ባሕር ደረሰ እንዴ?" አለኝ ሰውየው።

ኧርል የሚባል ሸራ ሰፊ ሽማግሌ ገመዴን ተቀበለኝ። ግንባሬን አይቶ ሳይጠይቀኝ ቤቱ ወሰደኝ፤ ሚስቱ ቁስሌን አጠበችልኝ፣ ጨው ዓሣ በድንች አቀረበችልኝ። በማግስቱም ደግማ ጠራችኝ። ዓርብ ነው፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው የእኛ ክርክር ትዝ አለኝ፤ ባሕሩ ሊበላኝ ሲል ጾም ነው አላለም ብዬ ፈታሁት። ኧርል ሸራዬን በሁለት ቀን ሰፋልኝ፤ ጀልባዋንም እስክመለስ እሱ ጋ እንዳቆማት ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሰው አገራችን ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጥፋት የሠራሁት ገና በደረስኩ ዕለት ነው። ስልክ እንዳገኘሁ ሞርስ ሮድ ሱቁ ደወልኩ። ስፒከር ላይ አደረጉኝ። ጀግንነቴን ስተርክ፣ "ጋሼ አበራ አሥራ ሁለት ሰዓት ብለውኝ በሁለት ሰዓት መጣብኛ!" አልኩ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ቅጽል ስሙ እዚያው ተወለደ።

ቅዳሜ ጀልባዋን ላጸዳ ገባሁ። በርበሬውን ጠራረግኩ። የደረቀውን የዝናብ ካፖርት ከሚስማሩ አነሳሁት። ከሥሩ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር በቀይ ማርከር፣ በራሴ እጅ፣ "ሰዓት ሁሉ ዙሉ ነው!!!" ይላል።

ቅዳሜ 12። ዙሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት። ጋሼ አንድ ደቂቃ አልተሳሳቱም። ቁጭ አልኩ። በርበሬ የለም፣ ዓይኔ ግን አቃጠለኝ።

ጀልባዋን ለኧርል ትቼ በአውሮፕላን ኮሎምበስ ገባሁ፤ ሰባት ቀን የታገልኩበትን ባሕር በሁለት ሰዓት ሲያቋርጠው አፍሬ መጋረጃውን ዘጋሁ። በማግስቱ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሻይ ቀዱልኝ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን የጻፉልኝ በዙሉ ነበር።"

"ታዲያ በምን ልጻፍ? አንቺ አይደለሽ ያዘዝሽው?"

"ለምን ጥፋቱ የኔ ነው አሉኝ?"

ሻያቸውን አማሰሉ። "'አሁን ሁለት ሰዓት ነው' ብለሽ ስትጽፊ ወዲያው ገባኝ። በሐበሻ አንብበሽዋል። ግን ያን ጊዜ 'ተሳስተሻል' ብልሽ ምን ይረባሻል? ብቻሽን ነሽ። የሚያስበው ያው ያንቺው ጭንቅላት፣ የሚይዘው ያው ያንቺው እጅ ነው። በራስሽ ከምትጠራጠሪ በእኔ ብትጠራጠሪ ይሻላል ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔም ወዳንቺ ሰዓት መጣሁ፤ አላየሽም?"

"ሱቅ ውስጥ ሲስቁብዎትስ?"

"አልሞትሽም አይደል? ይሳቁ።"

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈው፤ ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታሪኩ ሲተረክ ጀግናዋ እኔ ስለሆንኩ ጣፈጠኝ። ባለፈው እሑድ ግን የማኅበራችን የፓርክ ምሳ ነበር። እንደ ድሮው ጋሼ አበራን የጠየቀ የለም፤ ስልክ ጠየቁ፤ ስልክ ብራ ነው አለ። ጋሼ ብቻቸውን ጥቁር ጃንጥላ ይዘው መጡ። ልጆቹ "አሥራ ሁለት ሰዓት ጃንጥላ ያዙ!" አሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ክትፎው ዋኘ፤ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሮጠ። ጋሼ ቆመው ጃንጥላቸውን እኔ ላይ ዘረጉ። እሳቸው ረጠቡ።

ስለዚህ ሞርስ ሮድ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። አየር ስትፈልጉ እንደ ድሮው ጋሼ አበራን ጠይቁ። የሰጣችኋቸው ስም የእኔ ነው፤ መልሱልኝ። ነገ ሱቁ እገባለሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት መጣች በሉኝ።